የበሩ ፍሬቻ

«ሸረሪት፣ ሳጥኑን ላኪልኝ።»

ወንድሟ ሰላም እንኳን አላላትም። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ የአባቷን ሸሚዞች እያጠፈች ነበር። ሦስተኛው ሸሚዝ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

«የቱን ሳጥን?» አለች፣ የቱን እንደሆነ እያወቀች።

«ስንት ሳጥን አለን? የበሩን ነዋ! ዛሬ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ለሹፌሩ ስጪው። እዚህ መናኸሪያ ሄጄ እቀበለዋለሁ።»

«ምን ያደርግልሃል ጋሼ? አጎቴ ሲገነጥሉት ሽቦው ሁሉ ተበጣጥሶ…»

«ሽቦው ገደል ይግባ። የምፈልገው ውስጡ ያለውን ነው። ኮዱን እዚህ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ መስመር በመስመር። አንድ ሌላ ሳጥን ላይ ጭኜ አስነስቼው ይኸው ሃያ ቀን ሙሉ እየሠራ ነው፤ አንዴ እንኳን አልቆመም። እዚያ ለምን ቆመ? የማላየው ነገር አለ ሸረሪት። ራሴ ሠርቼው ራሴ የማላየው ስህተት አለ።»

ቀና ብላ የቁም ሳጥኑን አናት አየች።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከኦክስጅን መሣሪያው ሥራ ላይ አንሳኝ አልኩት። የገዛ አባቱን በር መጠበቅ ያቃተው ሰው የማያውቀውን በሽተኛ ትንፋሽ እንዴት ይጠብቃል? እስከ ሰኞ አስብበት ብሎኛል። ስህተቱን ካላገኘሁት ግን እወጣለሁ። ሌላ መሣሪያም አልነካም።»

«ጋሼ…»

«ላኪልኝ በቃ። እማዬ እንዴት ናት? አሁንም ስልኬን አታነሳም።»

«ሥራ ጀምራለች» አለች ሸረሪት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሸሚዙን አጠፈችው። እንደገና ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። ሳጥኑ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ አጎቷ ከወረወሩበት ቀን ጀምሮ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ሰዓቷን አየች። አምስት ተኩል ሆኗል።

ሸረሪት ብሎ ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ድረ-ገጽ መሥራት ስትጀምር፣ «ድር የምታደራው መቼም ሸረሪት ናት» ብሎ ቀለደባትና ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የሰፈሩ ዳቦ ቤት ገጽ የእሷ ሥራ ነው፣ የትምህርት ቤታቸውም፣ የእናቷ የልብስ ስፌት ሱቅም። ቀለም ታውቃለች። ጽሑፉ የት ቢቀመጥ ዓይን እንደማይደክም ታውቃለች። ወንድሟ ደግሞ ስክሪን የሌላቸው ዕቃዎች ሆድ ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም ይጽፋል፤ በሌላ ከተማ፣ የሆስፒታል መሣሪያ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ።

ሳጥኑን የሠራው አባታቸው መርሳት የጀመረ ጊዜ ነው።

አባታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። መጀመሪያ የጎረቤቶቹን ስም ረሳ። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጡረታ መውጣቱን። አውቶቡሱን ብቻ አልረሳም። ጠዋት ኮቱን ይለብስና «ሰልፉ እስከ ጥግ ደርሷል፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» እያለ ወደ በሩ ይሄዳል። ሸረሪት ልጁ መሆኗን የሚያውቅባቸው ቀናት እየሳሱ ሲሄዱ ረዳቱ አደረጋት። «ረዳት! በር ዝጊ፣ እንሂድ!» ይላታል። እሷም «ሹፌር፣ ሞልቷል፤ ተጠጉ ብያቸዋለሁ» ትለዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ፤ የሚስቁበት ነገር ግን አንድ አልነበረም።

እናቷ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሱቋ ስትሰፋ ትውላለች። በሩን ከውጭ እንድትቆልፍ ያልመከራት ሰው አልነበረም። «ባሌን እንደ ዶሮ አልቆልፍበትም» አለች። ስለዚህ ወንድሟ የሳሙና ካርቶን የምታህል ሳጥን ሠርቶ በሩ ላይ ገጠመ። በሩ ሲከፈት ሱቁ ውስጥ ደወል ይጮሃል፤ እናቷ የጀመረችውን ስፌት ትታ መንገዱን ትሻገራለች፤ እጁን ይዛ ትመልሰዋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሳጥኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት በየሴኮንዱ ብልጭ ድርግም ትላለች። ብልጭ ድርግም የሚያደርጋት ራሱ ፕሮግራሙ ነበር። «ይህቺ እንዲህ እስካለች ድረስ ሳጥኑ በሕይወት አለ» ብሏቸዋል ወንድሟ። «ካቆመች ደውሉልኝ።»

በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፏል። ሦስት ዓምድ ተሰምሮበታል፦ ቀን፣ ምን ተነካ፣ ማን። ከላይ በትልልቅ ፊደል «የነካው ሁሉ ይጽፋል፤ እኔም ብሆን» ይላል። ሥሩ አምስት መስመር ተጽፏል፣ «ደወሉ ረዘም ብሎ እንዲጮህ ተደረገ»፣ «ባትሪ ተጨመረ»፣ የመሳሰሉት። «ማን» በሚለው ዓምድ አምስቱም ጋ የወንድሟ ስም አለ።

«ለአንድ የቤት በር ይሄ ሁሉ ቢሮክራሲ ምንድን ነው?» ብላ ስቃበት ነበር።

«ሰው የሚተማመንበት ነገር ላይ እጅሽን ካሳረፍሽ፣ እጅሽን አሳዪ» አላት። እሱ አልሳቀም።

አባቷ የሞተው ማክሰኞ ነው። ከምሳ በኋላ ኮቱን ለብሶ በሩን ከፈተ። ደወሉ አልጮኸም። እናቷ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ነበር፤ ሸረሪት የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ነበረች። አባቷ አውቶቡሱ ድሮ ወደሚያድርበት ጋራዥ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ላይ ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው።

በሐዘን ቤት ውስጥ ችሎት የሚያቆም ሰው መቼም አይጠፋም። ሬሳ ሳይወጣ ጥፋተኛ ካልተገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አለ። ይህ ሰው ሁልጊዜ ያው ነው፦ በሽተኛውን አንድ ቀን ያላጠበ፣ አንድ ቀን ያላጎረሰ፣ አንድ ሌሊት ያልጠበቀ። የሸረሪት አጎት በሁለት ዓመት ውስጥ ወንድማቸውን ሊጠይቁ የመጡት ሦስት ጊዜ ነው። ያን ቀን ግን የቤቱ ዳኛ እሳቸው ሆኑ። ሰው በተሰበሰበበት ተነስተው ሳጥኑን ከበሩ ላይ ገነጠሉት።

«ይኸው! ወንድሜን የገደለው ይሄ ነው!» አሉ። ለለቅሶ ወደመጣው ወንድሟ ዞሩ። «በሰው ነፍስ መጫወቻ ትሠራለህ አንተ? መቆለፊያ ምን አጥቶ ነው? ተምረህ ተምረህ መጨረሻህ ይሄ?»

ወንድሟ መሬት መሬቱን አየ። እናቷ ቀና ብላ ተመለከተችው፤ አንድ ቃል ትናገርለታለች ብሎ ሁሉም ሰው ጠበቀ። አልተናገረችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሸረሪት የውሃ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር። እሷም አልተናገረችም።

ያልተናገረችው ይህን ነው።

አባቷ ከመሞቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወንድሟን «ያንተን ቋንቋ አስተምረኝ» አለችው። የፕሮግራም ቋንቋው «ሲ» ይባላል። በየእሑዱ በስልክ ያስተምራት ጀመር። የኮምፒውተር መምህሯ «አንድ የፕሮግራም ቋንቋ የቻለ ሁሉንም ቻለ፤ ልዩነቱ የነጥብና የቅንፍ ነው» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ የሚያስተምር ሰው፣ ጠጥቶ እንደሚነዳ ሹፌር ፈቃዱን ሊነጠቅ ይገባዋል። ልዩነቱ የነጥብና የቅንፍ አይደለም። ድረ-ገጽ ስትሠራ ከኋላዋ እየተከተለ የሚያጸዳላት አለ። ዝርዝር ትፈጥራለች፣ ትሠራበታለች፣ ትተወዋለች፤ ገጹን የሚከፍተው ብሮውዘር አንስቶ ይጥልላታል። እሱ እንኳን ቢያመልጠው፣ የገጹ ጎብኚ ዘግቶ ሲወጣ የተበላሸውም ያልተበላሸውም አብሮ ይጠፋል። ነገ አዲስ ገጽ ነው።

«እዚህ እናት የለችም» አላት ወንድሟ በሁለተኛው እሑድ። «ሜሞሪ፣ ማለትም ለጊዜው የምትጽፊበት ቦታ፣ ስትጠይቂ ይሰጥሻል። ተጠቅመሽ ካልመለስሽ ግን ማንም አይመልስልሽም። የበላሽበትን ሳህን ራስሽ ታጥቢያለሽ።»

«ካላጠብኩስ?»

«ሳህን ያልቅብሻላ።»

ሳቀች። ገብቶኛል አለች። ደግሞም ገብቷታል። መግባትና እጅ መልመድ ግን ለየቅል ናቸው። እጅ የሚያስታውሰው የለመደውን ነው፤ የእሷ እጅ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህን አጥቦ አያውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት ልታስደንቀው ፈለገች። ለእረፍት ሊመጣ ወር ቀርቶታል። ቤት ትቶት በሄደው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሳጥኑን ኮድ አገኘች፤ በሌላ ስም ገልብጣ ላዩ ላይ መጻፍ ጀመረች። ሳጥኑ በየግማሽ ደቂቃው በሩ ክፍት ይሁን ዝግ እንዲመዘግብ አደረገች። መዝገቡ ስልኳ ላይ በሠራችው ገጽ በቀለማት ይታያል፣ አባባ በቀን ስንት ጊዜ በሩን እንደከፈተ በሚወጣና በሚወርድ መስመር። ለአዲስ መዝገብ ቦታ ቢጠፋስ? «እስኪገኝ ጠብቅ» ብላ ጻፈች። በድረ-ገጽ ዓለም ሁሉም ነገር ይጠበቃል፤ ሥዕሉም መልእክቱም እስኪመጣ ይጠበቃል። የሰለቸው ሰው ገጹን ያድሰዋል። በር ላይ የተሰቀለን ሳጥን ግን ማን ያድሰዋል?

መብራቷንም ነካቻት። ብልጭ ድርግም የምትለው ነገር ዓይኗን ታሳክካት ነበር፤ የርካሽ ሆቴል ማስታወቂያ ትመስላታለች። አረጋጋቻት። ሳጥኑ ሲነሳ ትበራለች፣ ከዚያ በኋላ ሳትርገበገብ እንደበራች ትቆያለች፤ ለስላሳ አረንጓዴ፣ ልክ እንደ ገጿ ቀለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተነችው። በሚገባ ሠራ። ክዳኑን ስትከድን ወረቀቱን አየችው። ካሁኑ ከተጻፈ ምኑን ድንገተኛ ስጦታ ሆነ? እሱ ሲመጣ አብረን እንጽፈዋለን አለችና ዘጋችው።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። ስልኳ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ወጣ፦ ሁለት፣ አራት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ። እንዴት ያምር ነበር! አውቶቡስ ውስጥ ለጓደኛዋ አሳይታታለች። በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የሳጥኑ ሜሞሪ ሞላ። ሳጥኑም እንደታዘዘው ቦታ እስኪገኝ መጠበቅ ጀመረ፤ መብራቱ እንደበራ፣ በሩ ሲከፈት ሳያይ።

ያልታጠበው ሳህን የትኛው እንደሆነ ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን አገኘችው። የጎደለው የወሰደችውን ሜሞሪ የሚመልስ አንድ መስመር ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ጓደኛዋ መጣች። ከጠዋት እስከ ማታ ስለምታወራ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ይሏታል። ይህን ነገር ከሸረሪት ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የኬሚስትሪ ደብተር ልትመልስ ነው የመጣችው፤ ሸረሪት ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀምጣ ስታገኛት ግን ደብተሩን ረሳችው።

«ላኪልኝ አለኝ» አለች ሸረሪት።

«እና?»

«እና ሲከፍተው የእኔ ኮድ ነው ያለው።»

«አቦ አታካብጂ! የድሮውን መልሰሽ ጫኚበት። ላፕቶፑ ላይ አለ አይደል? ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሦስት።»

«ለሦስት ደቂቃ ሥራ ነው ፊትሽ እንደዚህ የጠቆረው? ሼም ነው!»

«ሥራውን ሊተው ነው እኮ ሬዲዮ። ሳጥኑን ሲያገኘው የራሱን ኮድ ያገኛል። የሌለ ስህተት ዕድሜውን ሙሉ ሊፈልግ ነው?»

«አይፈልግም። ይሰለቸዋል። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ የራሱ ቤት አለው፣ ጓደኞች አሉት። አንቺ የምትኖሪው እዚህ ነው» አለች ሬዲዮ በጣቷ ወለሉን እያሳየች። «እዚህ። እናትሽ ሳህን ባቀበለችሽ ቁጥር ዓይኗን ልታዪ ነው። እሱን ስልክ ያላነሳችለት አንቺን ምን ትልሻለች? አጎትሽስ? እኚያ ሰውዬ ዝም የሚሉ ይመስልሻል?»

ሸረሪት የሳጥኑን ክዳን በጣቷ ነካካች።

«እኔ ወሬኛ ነኝ፣ አውቃለሁ» አለች ሬዲዮ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «ይህቺን ግን ለእናቴ እንኳን አልተነፈስኳትም። ከእኔ አይወጣም። ስለዚህ ተዪው በናትሽ። የሞተ ሞተ።»

«የሞተው እኮ አባቴ ነው።»

ሬዲዮ ትንሽ ተቀመጠች፣ የሸረሪትን ጉልበት ነካ አደረገች፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ከዚያ በፊት ሬዲዮ ሳትናገር ከቤት ስትወጣ ያየ ሰው የለም።

ሸረሪት ላፕቶፑን ከፈተች። የላፕቶፑን ገመድ ሳጥኑ ላይ ሰካች። ሁለት ማህደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ «የበር ሳጥን» እና «የበር ሳጥን ቆንጆው»። ሁለተኛውን ስም ያወጣችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን መርጣ ጫነችው። ሦስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

መብራቷ ብልጭ አለች። ድርግም። ብልጭ።

የውጩ በር ተከፈተ። እናቷ መቀስ ረስታ ነው የመጣችው፤ አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሩ ተንጠልጥሏል፣ ቀሚሷ ላይ ነጭ ክር ተለጣጥፏል። ሸረሪት ሳጥኑን ልትሸሽግ እጇን ዘረጋች፣ አልደረሰችም። እናቷ ጠረጴዛው ጋ ቆመች።

«ትሠራለች እንዴ?» አለች።

«ጋሼ ላኪልኝ ብሎኝ… እየሞከርኳት ነው።»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መብራቷን አየቻት።

«ፍሬቻው» አለች።

«ምን?»

«አባትሽ ነዋ፣ ፍሬቻ ነበር የሚላት። አንቺ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነሽ፣ አታውቂም። ኮቱን ለብሶ ይመጣል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ይህቺን ያይና ይቆማል። ‹ከፊታችን ያለው ፍሬቻ አሳይቷል፣ ይታጠፍ› ይለኛል። እጁን እንደዚህ አድርጎ ቆሞ ያሳልፈዋል። ሲጠብቅ ሲጠብቅ የመጣበትን ይረሳና ተመልሶ ይቀመጣል።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ብዙ ቀን ደወሉ የማይጮኸው እኮ ለዚህ ነው። የሚያቆመው ደወሉ አልነበረም፤ ይህቺ ነበረች። ሹፌር አይደል፣ ፍሬቻ ላበራ ቅድሚያ ይሰጣል።»

ሸረሪት እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች።

«መጨረሻ ሰሞን ግን መቆሙን ተወ» አለች እናቷ። «በቀን አሥር ጊዜ ይከፍት ጀመር። መንገድ ስሻገር እውል ነበር። አንድ ቀን እጁን ይዤ ‹ፍሬቻውን አላየህም እንዴ?› ብለው፣ ‹አረንጓዴ በርቷል እኮ! ከኋላ ጥሩምባ እየነፉብኝ ነው› አለኝ። በሽታው ጠናበት ብዬ አለቀስኩ። በሞተበት ቀንም መብራቷ በርታ ነበር፤ አይቼ ነው የወጣሁት። በርታለች፣ ደህና ናት ብዬ።»

ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ።

«ወንድምሽ ትላንትም ደውሎ ነበር» አለች እናቷ፣ ብድግ እያለች። «አየሁት። እጄ አልነሳ አለኝ። ሆን ብሎ እንዳላደረገው አውቃለሁ፤ ልጄ አይደለም እንዴ? ግን ድምፁን ልሰማ ስል ያ ሳይጮህ የቀረ ደወል ይመጣብኛል። አንድ ቀን አነሳለሁ። ዛሬ አይደለም።» መቀሷን ከመሳቢያው አወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ምሳ ብዪ ልጄ። ከስተሻል።»

በሩ ተዘጋ። ምንም አልጮኸም። በሩ ላይ አሁን አራት የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

ሸረሪት ስልኳን አንስታ ያንን ገጽ ከፈተች። ከቀብሩ ወዲህ አልከፈተችውም ነበር። መስመሩ እዚያው አለ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ። አምሮ የታያት ሽቅብታ አባቷ ነበር፤ አረንጓዴ ያየ አባቷ፣ ሰው ያስጠበቀ እየመሰለው በቀን አሥራ አንድ ጊዜ የተነሳ አባቷ። ከእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ደግሞ መንገድ የምትሻገር እናቷ ነበረች። የትኛው ነጥብ ላይ ነበር ለሬዲዮ «አየሽ እንዴት እንደሚያምር?» ያለቻት?

ያልታጠበውን ሳህን ወንድሟ ያገኘው ነበር፤ ኮዱ እጁ ከገባ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። መብራቷን ግን መቶ ጊዜ ቢያነብ አያገኛትም። ስህተት የለባትማ። መስመሩ «አብራ» ይላል፣ መብራቷም ትበራለች። ይህን ማወቅ የሚችለው እናቷ የምታውቀውን ግማሽና እሷ የምታውቀውን ግማሽ አንድ ላይ የያዘ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው፤ እሱም ይህ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል።

ሁለተኛውን ማህደር መረጠች። መልሳ ጫነችው።

ብልጭታው ቆመ። ለስላሳው አረንጓዴ ቀጥ ብሎ በራ። እያየችው አለቀሰች፤ ቀስ ብላ፣ ሳትጮህ፣ አፍንጫዋን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገች። የአባቷ ሸሚዝ ነበር። አጥፋ ያስቀመጠችውን መቼ እንደለበሰችው አታስታውስም።

ከዚያ ክዳኑን ከፈተች፣ እስኪርቢቶ አነሳች። ከአምስተኛው መስመር ሥር የዛሬን ቀን ልትጽፍ ስትል እጇ ቆመ። የዛሬው አይደለም። ወደ ኋላ ቆጠረች፣ አባቷ ከመሞቱ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ እሑድ። ያንን ቀን ጻፈች። «ምን ተነካ» በሚለው ሥር «በየግማሽ ደቂቃው እንዲመዘግብ ተደረገ፤ የተወሰደው ሜሞሪ አይመለስም» አለች። ቦታው ጠበባት፤ ፊደሎቹን አሳንሳ ቀጠለች። ከሥሩ በሌላ መስመር፦ «መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት እንድትተው ተደረገ። አባባ ፍሬቻ ይላት ነበር።»

ሁለቱም መስመሮች ጋ፣ «ማን» በሚለው ዓምድ፣ «ሸረሪት» ብላ ጻፈች። አየችው። ሸረሪት ብሎ የሚያውቃት ወንድሟ ነው፤ አጎቷ አያውቁም፣ ጎረቤት አያውቅም። ሰርዛ ሙሉ ስሟን እስከ አባቷ ስም ጻፈች።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አውቶቡሱ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሳጥኑን በካርቶን ማሸግ ጀመረች፣ ተወችው። መጀመሪያ ሌላ ሰው ሊያየው ይገባል። ክዳኑን እንደተከፈተ፣ ወረቀቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ በሁለት እጇ ይዛው ወጣች።

ከማዶ የሱቁ በር ክፍት ነው። የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፤ እናቷ ጎንበስ ብላ ትታያለች። ሸረሪት የመንገዱ ጠርዝ ላይ ደረሰች። አንድ የከተማ አውቶቡስ ሊታጠፍ ፍሬቻ እያሳየ ቀስ ብሎ መጣ።

ቆመች። እስኪያልፍ ጠበቀችው። ከዚያ ተሻገረች።